የኮምፒውተሩ አቧራ የት ገባ?

ግሪካዊው ኮምፒውተር ጠጋኝ ስቴልዮስ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። ግንባሩን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል፣ ፊት ለፊቱ ጎኑ የተከፈተ ኮምፒውተር አለ፣ እጁ ሥር ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ ቅጠል መንፊያ። በአውስትራሊያ በረሃ ባለችው ኩበር ፒዲ ከተማ የሚነፋ ቅጠል የለም እንጂ የማሽኑ ስም እንደዛ ነው።

ሳጅን ኮራል ዶድ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያሠራችው አፍንጫዋን ነው። ውስጡ የሞተር ጭስ ይሸታል። ቤቱ እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ ሙቀቱን ለመሸሽ ኮረብታ ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ ነው፤ መስኮት የለውም። አየር የሚገባው ከአልጋው በላይ እስከ ኮረብታው አናት በተበሳ አንድ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ነው።

«ፊቱን እዪው» አለች ሬሳውን ያየችው ነርስ፣ «እንዲህ የቀላው ጭስ ገድሎት ነው። ሞተር ዋሻ ውስጥ አስነስቶ! አቧራ ለማራገፍ ብሎ!»

ያገኘችው ጎረቤቱ ኖሊን ናት፣ የሞቴሉ ባለቤት። ውጭ ጥላው ሥር፣ ደጃፉ ላይ ከተተወ ብሩሽና የእግር ፓምፕ አጠገብ ቁጭ ብላ ሲጋራ በሲጋራ ትለኩሳለች።

«የቀትር እንቅልፌን ጨርሼ ኮምፒውተሬን ልወስድ ነው የመጣሁት። ጠዋት ‹ዛሬ አስረክብሻለሁ› ብሎኝ ነበር» አለችና ድምጿ ተሰበረ። «ቃሉን አጥፎ አያውቅም፣ ይሄ ሽማግሌ።»

ወዲያው የኮራል ስልክ ጮኸ። ቀድማ ሪፖርት ያደረገችለት አለቃዋ ነው፣ ከዋናው ከተማ ከአደሌድ።

«መንፊያው የማነው?»

«የእህቱ ልጅ የማኖሊ። የጎልፍ ሜዳውን አሸዋ የሚያጸዳበት ነው።»

«ዋሻውን ማን ይወርሳል?»

«ማኖሊ።»

«ታዲያ ምን ቆሞ ማየት ነው? መርማሪዎቹ አመሻሹ ላይ በአውሮፕላን ይደርሳሉ። ልጁን አዘጋጅተሽ አስረክቢ!»

ኮራል ስልኩን ኪሷ ከተተች። ማኖሊን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። መተዋወቅ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ አንዴ አውሮፕላኑ ላይ ከወጣ ደግሞ ማን ይመልሰዋል? ያላት ጊዜ እስከ አመሻሹ ድረስ ብቻ ነው።

ተመልሳ ገባች። ሬሳውን ትታ ክፍሉን ማየት ጀመረች። ጣቷን መደርደሪያው ላይ አስኬደችው፤ ንጹሕ ነው። የሻይ ኩባያው ውስጥ አየች፤ ንጹሕ። የሟቹ ጥቁር ካናቴራ ላይ አንዲት ብናኝ የለችም። ኮምፒውተሩ ውስጥ አጎንብሳ አየች፤ እሱም እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። የሬሳውን ጉንጭ ጠጋ ብላ ስታይ የትራስ ስፌት የመሰለ መስመር ታትሞበታል። ጫማው አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ከዛ ምን አደረገች መሰላችሁ? የመንፊያውን የቤንዚን ክዳን ከፍታ አየች። አየችና መልሳ ዘጋችው።

ማኖሊን ለጥያቄ አስጠርታው ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አገኘችው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«መንፊያህ እንዴት አጎትህ ቤት ገባ?»

«አላውቅም ኮራል፣ በእናቴ ይዤሻለሁ! ትናንት ማታ ቤንዚን ጢም አድርጌ ሞልቼ መኪናዬ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ስነሳ የለም።»

«አጎትህ ወስዶት ቢሆንስ? አቧራ ሊያወጣበት?»

ማኖሊ እንባው መሀል ሳቅ አመለጠው። «አጎቴ? በመንፊያ? ገና ስሙን ስጠራበት ይሳደብ የለ! ‹የኮምፒውተሩን ፋን ከልክ በላይ አሽከርክሮ የሚሰብር የጅል መሣሪያ› ነው የሚለው።»

«ታዲያ እሱ በምን ነበር የሚያጸዳው?»

«ገመዱን ከግድግዳው ይነቅላል። ሣጥኑን ደጃፍ ያወጣል። ፋኑ እንዳይዞር በልብስ መቆንጠጫ ይይዘዋል። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጠርገዋል፣ ከዛ በእግር በሚረገጠው የአየር ፍራሽ ፓምፕ እፍ እፍ ያደርገዋል። አለቀ። ‹ምንም ወጪ የለው፣ ምንም አይሰብርም› ይላል።»

ኖሊን ጋ ስትሄድም ያው ነው።

«ፓምፑን የምረግጠው እኔ አይደለሁ እንዴ!» አለች። «‹ኖሊን፣ ዳንስሽን ጀምሪ!› ይለኛል። ዛሬ ጠዋትም አስጨፈረኝ፤ የኔን ኮምፒውተር ደጃፍ ላይ ጨርሰን ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ‹ጎኑን ገጥሜ፣ ሞክሬ እሰጥሻለሁ› አለኝ።» ሲጋራዋን ድንጋዩ ላይ አጠፋች። «ሰሞኑን ግን ከፍቶት ነበር። ‹ለአንድ ሰው እስከ እሁድ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፣ ራሱ ወጥቶ ይናገር› አለኝ። ማነው ብለው ቢሞት አልነግርሽ አለ።»

የቀረው ድራጋን ነው። ከስቴልዮስ ጋር ሃያ ዓመት አብሮ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የቆፈረ ሰርቢያዊ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ፣ ከጉድጓድ አፈር በወፍራም ቱቦ ምጎ የሚያወጣው ትልቅ መኪና ባለቤት። መኪናው ሥር ተኝቶ አገኘችው። ብድግ ብሎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ማልቀስ ጀመረ።

«ወንድሜን! ወንድሜን አጣሁ፣ ሳጅንዬ!»

«አዝናለሁ፣ ድራጋን። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኮምፒውተር በምን ነበር የሚያጸዳው?»

«በዛው በመንፊያው ነዋ! ‹ስቴል፣ ውስጥ አታስነሳው፣ አንድ ቀን ይገድልሃል› ያላልኩበት ቀን የለም። ግሪክ ደግሞ መቼ ሰው ይሰማል!»

«ሲያደርገው አይተሃል?»

«በዚህ በዓይኔ! ደጋግሜ!»

«እግዜር ያጽናህ» አለች ኮራል። ቀና ስትል መኪናው ላይ የተጠመጠመውን ቱቦ አፍ አየችው።

ኮረብታው አናት ላይ ስትወጣ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች፣ ከሩቅ የአውሮፕላን ድምፅ ይሰማል። የስቴልዮስ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ላይ የሚደፋው ወንፊት ተገልብጧል። ነጩ ድንጋይ ዙሪያውን ጥላሸት ተቀብቷል። በጣቷ ነካችው፤ ጥቁሩ ተከትሏት መጣ። አጠገቡ የከባድ መኪና ጎማ አሸዋውን ረግጦታል። በቀትር ከተማው በሙሉ ከመሬት በታች ተኝቷል፤ የሰማ ቢኖር እንኳ የአፈር መኪና ድምፅ ለማን ብርቅ ነው?

መርማሪዎቹ ሲደርሱ ኮራል ሁሉንም ስቴልዮስ ክፍል ውስጥ ሰብስባ ጠበቀቻቸው። ማኖሊ በካቴና ነው። ኖሊን ክንዱን ይዛዋለች። ድራጋን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ልጁን ውሰዱ ተብለናል» አለ አንደኛው መርማሪ፣ «ይሄ ሁሉ ስብሰባ ለምንድነው?»

«አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው» አለች። «የዚህ ኮምፒውተር አቧራ የት ገባ?»

የተከፈተውን ኮምፒውተር ወደ እነሱ አዞረችው።

«ውስጡ ንጹሕ ነው። በዚህ መንፊያ እዚህ ውስጥ ቢነፋ ኖሮ አቧራው መደርደሪያው ላይ፣ ኩባያው ውስጥ፣ የሟቹ ልብስ ላይ በሆነ ነበር። የትም የለም። ያለው ውጭ ደጃፉ ላይ ነው፣ ኖሊን ፓምፑን የረገጠችበት ቦታ። ስቴልዮስ ጠዋት ሥራውን ጨርሶ፣ ቀትር ላይ ጫማውን አውልቆ፣ እዛ አልጋ ላይ ተኛ። ጉንጩ ላይ የትራሱ ስፌት አለ። ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሲሞት የትራስ ምልክት ከየት ያመጣል?»

«ጭሱስ?» አለ መርማሪው።

«ከዚህ ማሽን አልመጣም። ማኖሊ ትናንት ቤንዚን ሞልቶት ነበር፤ አሁንም ክዳኑ ድረስ ሙሉ ነው። ከተሰረቀ በኋላ አንዴም አልተነሳም። ጭሱ የመጣው ከላይ ነው።» ወደ ቀዳዳው ጠቆመች። «የቀዳዳው አፍ ጥላሸት ለብሷል። አንድ ሰው የመኪናውን ጭስ በቱቦ ወደዚህ ለቀቀው። ሁሉም ካለቀ በኋላ በሩን ከፍቶ አየሩን አስወጣ፣ ሟቹን ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ ኮምፒውተሩንና መንፊያውን አጠገቡ አደረገ።»

«ሦስታችንም ልናደርገው እንችላለን» አለ ድራጋን፣ ላቡን እየጠረገ።

«አትችሉም። ገዳዩ እዚህ ሲገባ ደጃፉ ላይ ብሩሹን፣ መቆንጠጫውንና ፓምፑን ተራምዶ ነው ያለፈው። አሁንም እዛው ናቸው። ማኖሊ ቢሆን ያነሳቸው ነበር፤ ኖሊን ብትሆንም እንደዛው። የስቴልዮስን አሠራር ስለሚያውቁ፣ ዕቃዎቹ እዛ እያሉ በመንፊያ አጸዳ ቢባል ማን ያምናል? ገዳዩ ግን ምን እንደሆኑ አላወቀም። ዕድሜ ልኩን አቧራ በሞተር ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው፤ ኮምፒውተርም በሞተር የሚጸዳ መሰለው። ‹በዓይኔ አይቻለሁ› ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ድራጋን። መኪናህ ላይ ያለው ቱቦ ነጭ አፈር ነው የሚምገው። አፉ ለምን ጠቆረ? ለምን ቀለጠ?»

ድራጋን ወደ በሩ ተወረወረ። ማኖሊ እጁ ታስሮም ቢሆን በሙሉ ሰውነቱ መንገዱ ላይ ወደቀበት፤ ሁለቱም ተያይዘው መሬት ላይ ተንከባለሉ። መርማሪዎቹ ትልቁን ሰውዬ ገልብጠው እስኪያስሩት ወንበሩ ተሰብሮ ነበር።

«እሁድ ምን ነበር የምትናገረው?» አለችው ኮራል፣ ቁልቁል እያየችው።

«የአሮጊቷን የሚልካን የኦፓል ጉድጓድ» አለ ድራጋን። «በሌሊት እየገባሁ ኦፓሏን አወጣ ነበር። ስቴል ደረሰብኝ። ‹የቆፋሪዎቹ ክበብ ውስጥ ሰው ሁሉ እያለ ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝ።»

ኖሊን መሬት ላይ ተፋች። እዚህ አገር ሰካራም ይማራል፣ ተደባዳቢም ይማራል። የሰው ጉድጓድ የሚገባ ግን ሞቶም ቀባሪ አያገኝም።

የማኖሊ ካቴና ተፈታ። ድራጋን ሲያስነሱት በተከፈተው በር የደጃፉን ዕቃዎች አየ፤ አንዴ ፓምፑን፣ አንዴ ብሩሹን።

«እውነት በዚህ ነበር የሚያጸዳው?» አለ።

«ሃያ ዓመት አብረኸው ሠርተህ» አለ ማኖሊ፣ «አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለህ አላየኸውም?»

«እየሠራ ሲጠራኝ ሁልጊዜ ‹አሁን አይመቸኝም› እለው ነበር» አለ ድራጋን፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።