የአባ ሐብቴ የልብ ምት

ሙሉእመቤት በእስራኤል ገዴራ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ስትደርስ የአባ ሐብቴ አስከሬን ገና ከአልጋው አልተነሣም ነበር። ከቁርስ በኋላ ጋደም እንዳሉ ራሳቸውን ስተው ተገኙ፤ የአምቡላንስ ሰዎች ሲደርሱ ልባቸው በደቂቃ ሠላሳ ጊዜ ብቻ ይመታ ነበር። ሊያተርፏቸው አልቻሉም።

ሙሉእመቤት የቂርያት ማላኪ ከተማ ልጅ ናት። ሃያ ዓመት በነርስነት አገልግላ አሁን ድንገተኛ ሞት ትመረምራለች። ከአልጋው ግርጌ የተሰቀለውን የልኬት ወረቀት አነሣች። ኮምፒውተሩ ከተበላሸ ወዲህ ሁሉም የሚጻፈው በእጅ ነበር። ሟቹ እሑድ ከሆስፒታል ከተመለሱ ጀምሮ ሙቀታቸውም የደም ግፊታቸውም ደህና ነው። ጠዋትና ማታ የተለካው የልብ ምታቸው ከሰኞ እስከዚያ ዕለት፣ እስከ ረቡዕ ጠዋት፣ 76፣ 72፣ 80፣ 72፣ 76 ይላል። በየረድፉ ዳር የአስታማሚው የአንዳርጌ ምልክት አለ።

ጠዋት ሰባ ስድስት የመታ ልብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሠላሳ መግባቱ አልዋጥላት አለ። ያውም አባ ሐብቴ የሚወስዱት ኪኒን የልብን ምት የሚያዘገይ ነው፤ ምቱ ከስድሳ በታች ከሆነ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥም።

የሟቹ ልጅ ማሪቱ ጥፋቱን ሁሉ በአንዳርጌ ላይ ጥላለች። ኃላፊዋ ነርስ ሮቴምም ሰውዬው ከቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ወጥቶ ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ሥራውን እንደተማረ፣ በትክክል መቁጠሩንም እንደምትጠራጠር ተናገረች። ኪኒኑን የሰጠችው ነርስ ሪናት ግን ዓይኗ ደም ለብሶ ነበር። የመድኃኒት ካርዱን ብቻ አይታ እንደሰጠች፣ የልኬቱን ወረቀት እንዳልገለጠች አመነች። ጥፋቷን ለመሸፈን ደህና ቁጥር ያለበት ወረቀት የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር እሷ ናት ስትል ሙሉእመቤት በልቧ ያዘች።

አንዳርጌን ብቻውን አገኘችው።

«ጋሼ አንዳርጌ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ምልክቱ የኔን ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን የኔ አይደለም፣ እህቴ። ሰኞ ጠዋት አርባ ዘጠኝ ነበር፣ ማክሰኞ አርባ አምስት፣ ዛሬ አርባ ሦስት። ለሮቴም ሁለቴ ነገርኳት። ‹ቤሰደር፣ እሺ፣ የሽማግሌ ልብ እንዲህ ነው› አለችኝ።»

ሮቴም ግን ምንም አልነገረኝም አለች። ቃል በቃል ላይ ቆመ።

ሙሉእመቤት ሦስቱንም በየተራ የራሷን የልብ ምት እንዲለኩላት ጠየቀች። ሪናት ጣቷ ላይ መለኪያ መሣሪያ ሰክታ 81 ብላ አነበበች። ሮቴም የእጅ አንጓዋን ይዛ፣ የሰዓቷ ቀጭን ዘንግ ሩብ ዙር እንደሄደ ለቀቀቻትና 84 አለች። አንዳርጌ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደቂቃው እስኪሞላ ቆጥሮ 79 አለ። ከዚያ የሌሎቹን አረጋውያን ወረቀቶች ሰብስባ አንድ ሰዓት ያህል መረመረቻቸው፤ ወደ ሆስፒታሉም ደወለች።

ከምሳ በኋላ ሁሉንም በመመገቢያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ አንዳርጌ ደቂቃውን ሙሉ ይቆጥራሉ» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ በሌሎቹ ወረቀቶች ላይ ቁጥራቸው 67፣ 83፣ 58፣ 71 ነው። ሪናትም መሣሪያው ያሳያትን ስለምትጽፍ ቁጥሯ ጎዶሎም ሙሉም ይሆናል። ዐሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት የሚያባዛ ሰው ግን ምንጊዜም የሚያገኘው ለአራት የሚካፈል ቁጥር ነው። የአባ ሐብቴን አምስቱን ቁጥሮች ለአራት አካፍሏቸው፤ አንዱም ቀሪ የለውም። ሰው ከራሱ ፈጥሮ ሲጽፍ እጁ የለመደውን ይጽፋል። እዚህ ቤት በአራት የምታባዛው ሮቴም ብቻ ናት።»

ሮቴም ብዙ ሰው እንደዚያ ይቆጥራል አለች።

«እውነት ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱን ፈለግሁ። ሆስፒታሉ ያዘዘው ግማሽ ኪኒን ነው። እሑድ አንቺ በእጅሽ የገለበጥሽው ካርድ ግን አንድ ሙሉ ይላል። ስሕተቱ ያንቺ ነው። ሪናት ወረቀቱን ብታይ ኖሮ ትደርስበት ነበር፤ እሷም የምትጠየቅበት አላት። ወረቀቱን የቀየርሽው ግን አንቺ ነሽ።»

 ሮቴም በዝግታ፣ ስሕተቷን ያየችው የአምቡላንስ ሰዎች የሆስፒታሉን ወረቀት ሲጠይቋት መሆኑን ተናገረች። ሁሉም አባ ሐብቴን ከበው ሳለ ሌላ ወረቀት ጽፋ ሰቀለች፤ የአንዳርጌን ወረቀት ቀደደችው። አንዳርጌ ሁለቴ እንደነገራትም አመነች።

ማሪቱ ተነሥታ ጠዋት ወደ ሰደበችው ወደ አንዳርጌ ሄደች።  አባቷ በመጨረሻ ያሉት ነገር ካለ ጠየቀችው።

«ስቆጥር እንዳይጠፋብኝ ዝም ይሉልኝ ነበር» አላት። «ዛሬ ስጨርስ ብቻ፣ ‹ቆጠርኸው? ለማን ትነግርልኛለህ?› አሉኝ። ‹ለሚሰሙኝ እነግራለሁ አባ› አልኋቸው።»