አረንጓዴ ቴፕ ያለው መጥበሻ

አኑዋር የማጥመጃ ዘንጉን ወደ ላይ ሲስበው አንድ ክር ላይ ሁለት ማክሬል ዓሣ እየተንፈራገጡ ወጡ። ሁለት ቀን ሙሉ የባሕር ሣርና አንድ ያረጀ ነጠላ ጫማ ብቻ ሲያጠምድ የነበረው ልጅ!

«ብሮ፣ እየው» አለ።

«በአንድ ክር ሁለት ቺቲንግ ነው» አለው ባርኮት።

የባርኮት አባት ጋሽ ዘርይሁን ለንደን ፓርክ ሮያል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳሉ። ለዚህ የባሕር ዳርቻ ካምፒንግ ብለው ነው ዕረፍት የወሰዱት። የዓሣውን ሆድ ዕቃ እንዴት እንደሚያወጡ አሳዩዋቸውና እሳቱን አያይዘው ድንኳን ውስጥ ጋደም አሉ።

አኑዋር መጥበሻ ይዞ መጣ። እጀታው ላይ አረንጓዴ ቴፕ አለ። ባርኮት ቴፑን ሲያይ ዓይኑን ወደ እሳቱ መለሰ።

ሁለቱ ሃርልስደን የሚባል የለንደን ሰፈር ውስጥ ከናርሰሪ ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። ሁሉን ነገር ተካፍለው ይበላሉ፣ ሥጋ ሲሆን ብቻ ሙስሊሙ የሙስሊም፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያን። ዓሣ ግን የሁለቱም ነው። ዛሬ ከአንድ መጥበሻ ሊበሉ ነው፣ አኑዋር ከለንደን ጀምሮ ሲያወራ የነበረው ይሄንኑ ነው።

ቴፑን የጠቀለሉት የአኑዋር እናት እትዬ ሰቢሃ ናቸው። ልጃቸው ከቤት ውጭ ሲያድር የመጀመሪያው ነው፤ ወር ሙሉ ተለምነው እሺ ሲሉ መጥበሻውን ለባርኮት በእጁ ሰጡት። «አደራ፣ የናንተ ሥጋ እንዳይነካው። አንተን አምኜ ነው የምልከው።»

ዛሬ ጠዋት ባርኮት በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ ሶሴጅ ጠበሰ። ቴፑን ያየው ሦስተኛውን ከዋጠ በኋላ ነው። ሦስቴ በሳሙና ፈትጎ ቦታው መለሰው። ማንም አላየም።

አኑዋር ዘይቱን ሊያፈስ ጎንበስ አለ።

«ቆይ» አለ ባርኮት። «ጠዋት ሶሴጅ ጠብሼበታለሁ። የኛን። ተሳስቼ ነው። አጥቤዋለሁ፣ ግን...»

አኑዋር ጠርሙሱን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠ።

«ዝም ብትል እኮ አላውቅም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

አኑዋር መጥበሻውን ወደ ድንኳኑ ወስዶ ሁለት ቀጭን እንጨት ይዞ ተመለሰ። «ትልቁ ዓሣ የኔ ነው» አለ፣ «ካሳ።»

ዓሣዎቹን እንጨቱ ላይ ሰክተው ጠበሷቸው፤ ጭራው ከሰል ሆነ፣ አጥንቱ ጋ ገና ጥሬ ነበር። ጣታቸውን እያቃጠሉ በሉት። ባርኮት እንደዚህ የሚጣፍጥ ነገር በልቶ አያውቅም።

«ለእማዬ ግን አንነግራትም» አለ አኑዋር። «ሁለተኛ አትለቀኝም።»

ባርኮት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ዘረጋ። «ስልክህን ስጠኝ። አደራ ያሉት እኔን ነው።»

አኑዋር ትንሽ አየው። ከዚያ ስልኩን ከፍቶ የእናቱን ቁጥር ደውሎ ሰጠው። ጠራ፣ ደግሞ ጠራ።

«ሄሎ፣ እትዬ ሰቢሃ፣ ባርኮት ነኝ። አይ፣ ደህና ነው፣ አጠገቤ ነው። አንድ የምነግርዎት ነገር አለ።»

አኑዋር የቀረችውን አንዷን የዓሣ ቁራጭ ቀስ አድርጎ ወደ ባርኮት ገፋት።