ለዘጠኝ ሰዓት የተበጠበጠ በሶ

ዘመነ ታደለ ወረታ ለመግባት ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ሞተ። ብስክሌቱ ከሩዝ ማሳው ዳር ተጋድሟል፤ እሱ ከድልድዩ ጥላ ሥር ተኮራምቶ አፉ አረፋ ደፍቋል፤ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። የመጋቢት ፀሐይ ያን ቀን እንኳን ሰውን የሰውን ጥላም በላብ ታጠምቅ ነበር። የፎገራ በሬዎች ቀንዳችን ይቀልጣል ብለው ጭቃ ውስጥ ገብተዋል።

ኢንስፔክተር ቱርኪያ ተጠርታ መጣች። በአንበሳሜ ገበያ ከሺህ ፍየል መካከል የተሰረቀችዋን በሳሏ ለይታ ያወጣች ሴት ናት፤ ሺህ ባይሞሉ እንኳ ከዘጠኝ መቶ አያንሱም። የሟቹን ጠርሙስ አነሳች። ግማሹ ጎድሏል። አሸተተችው፤ በሶና ስኳር፣ ከሥር ደግሞ የተባይ መድኃኒት።

የሟቹ አባት አያ ታደለ ከቁሐር ሚካኤል ደርሰው ከፖሊስ ጣቢያው በር ተቀምጠዋል። ክላሻቸውን ፖሊሶች ተቀብለዋቸዋል፤ አፋቸውን የሚቀበል ግን አልተገኘም።

«ማረው ነው! ሐሙሲት ላይ ተናንቀው እንደነበር ልጄ ራሱ ነግሮኛል። እናንተ ገዳዩን ካላወጣችሁ ዛሬውኑ ደሙን እመልሳለሁ!»

ከኋላቸው አሥራ አንድ ዘመድ ቆሟል፤ በድምፅ ሁለት ሻለቃ ይሆናል። ቱርኪያ እውነቱን ካላገኘች ማረው ከጣቢያው ሲወጣ በሕይወት እንደማያድር ገባት።

መጀመሪያ ያስጠራችው እሱኑ፣ ከሟቹ ጋር በብስክሌት ከባሕር ዳር የተነሡትን የአራቱን ጓደኛሞች መሪ ነው።

«አንገቱን አንቀሃል?»

«አንገቱን አልያዝኩም፣ ኮሌታውን ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር በአንድ ቀን እንገባለን ብዬ ለአገር ሁሉ ለፍፌያለሁ፤ እሱ በየዛፉ ጥላ ያርፋል!»

«ጠርሙሱንስ ነክተሃል?»

«ምን ልሠራበት? ዐቢይ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አንቀምስ።»

ቀጥሎ ሦስተኛው ጋላቢ፣ ብስክሌት ጠጋኙ ሙሰብ ገባ።

«ከሁሉ በኋላ ያየኸው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ እሜቴ፤ ሰንሰለቱ ወልቆ አስገባሁለት። ‹ሂድ፣ እደርስብሃለሁ› አለኝ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር።»

«አንተስ አልጠማህም?»

«በረመዳን ይህ ይጠየቃል? እርስዎም እኮ ምራቅዎን እየዋጡ ነው።»

ቱርኪያ ሳቋን ዋጠች። እውነቱን ነበር፤ እሷም ጾመኛ ናት።

የመጨረሻዋ ጋላቢ የሟቹ እጮኛ የነበረችው እየሩስ ናት።

«ቀለበቱን መልሰሽለታል ይባላል።»

«መልሻለሁ። ቀለበት መመለስ መግደል ከሆነ በወረታ ነፍሰ ገዳይ ያልሆነች ሴት የለችም!» አለችና እንባዋ ቀደማት። «ልጠላው አልቻልኩም፤ ላገባውም አልቻልኩም።»

«በሶውን ከየት አመጣችሁት?»

«ቁሐር ላይ አባቱ በየጠርሙሳችን ሞሉልን። ለእኛ ለዘጠኝ ሰዓት፣ ለሙሰብም ለማፍጠሪያው ብለው።»

የሦስቱ ጠርሙስ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ቱርኪያ ከአራቱም በአራት ሳህን ላይ ጠብ አደረገችና መስኮቱ ላይ ደረደረቻቸው። የወረታ ዝንብ ግብዣ አይጠብቅም፤ ወዲያው ወረደ። እሷም እጇን አጣጥፋ ቆማ አየች።

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አባቱንና ሦስቱን ጋላቢዎች ሰበሰበች። ቱርኪያ ነገር ስትፈታ ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትጎትት አትለቅም። ጠዋት ከባሕር ዳር ከተነሡበት ጀመረች፤ ሐሙሲትን፣ ኮሌታውን፣ ሰንሰለቱንና ቀለበቱን አንድ በአንድ እያነሣች ጣለች። በመጨረሻ ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ማረው ዘመነን ሊገድል ቢፈልግ መርዙን የሚጨምረው ከዘመነ ጠርሙስ ብቻ ነበር። ዝንቦቹን እዩ። በአራቱም ሳህን በጀርባቸው ተዘርረዋል። ሰው የራሱን ሞት ብስክሌቱ ላይ አስሮ ይጋልባል? ዘመነን ከሌሎቹ የለየው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃ ጥም ጠናበትና ከሰዓቱ በፊት ጾሙን ገደፈ።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እንግዲህ አራቱን የሞላው ዕቃ አንድ ነው። አያ ታደለ፣ በሶውን በምን በጠበጡት?»

«በጀሪካን።»

«ከዚያ በፊት ምን ነበረበት?»

ሽማግሌው ማረውን አዩት፤ ከዚያ መሬቱን አዩ። «የሽንኩርት መድኃኒት። አለቅልቄዋለሁ እኮ! ሁለቴ አለቅልቄዋለሁ፣ ልጄ!»

ማረው ነፃ ወጣ፤ ግን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቀረ።

«ጾሙን ባይገድፍስ?» አሉ አያ ታደለ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከማረውና ከእየሩስ ጋር ይሞት ነበር። ሙሰብም ፀሐይ ስትጠልቅ ይከተላቸዋል።» ቱርኪያ ድንገት ቃሏ ተቆረጠ። «አያ ታደለ፣ ከጀሪካኑ የተረፈ አለ?»

«ጥቂት አለ። ባለቤቴ ገላነሽ ለጾም መፍቻዋ አስቀምጣዋለች።»

«እናቱ? እዚህ አልመጡም?»

«መርዶ በጠራራ ፀሐይ ይነገራል እንዴ? ነገ ሲነጋ ሽማግሌ ይዤ ልነግራት፣ ጎረቤቱን ሁሉ አፋችሁን ዝጉ ብዬ ነው የመጣሁ። እሷ ልጇ እየጋለበ ነው የሚመስላት።»

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ ይላል። ቱርኪያ የሽማግሌውን ስልክ ነጥቃ ደወለች፤ የገላነሽ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«አቤት ታደለ! ዘመነ ጎንደር ገባ? እኔስ አሁን ጾሜን ፈታሁ። በሶህ እንዴት ይጣፍጣል! አንዲት ጠብታ አላስቀረሁልህም።»