ከቀዩ ቤት የመጣ ካምቢዮ

መጀመሪያ ያገናኘን ግጭት ነው። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ሳልይዝ ስበር እሱ ከወዲያ በኩል መጣ፤ ሁለታችንም ከነብስክሌታችን አስፋልቱ ላይ ተዘረጋን። ጉልበቴ ተልጦ ደሙ ካልሲዬ ውስጥ ይገባል። ተነሥቼ ኮሌታውን ጨምድጄ ያዝኩት።

«ዓይን የለህም?»

«አለኝ» አለ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። «እሱ አይደል ጉድ ያደረገኝ። አንቺን ሲያይ መንገዱን ረሳ።»

እውነቱን ልናገር፤ የወደድኩት ያኔውኑ ነው። እጄ ግን ገና ወሬውን ስላልሰማ ቡጢ አቀመሰው። እሱም ደሙን በእጅጌው ጠርጎ ሳቀ፤ ተሸንፌ አብሬው ሳቅሁ።

ማን እንደሆንን የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ፣ እዚያው ነው። በቅርቡ ከአጎቱ ጋር ሊሠራ የመጣ፣ የቀዩ ቤት አዲስ መካኒክ ኖሯል። እኔ ደግሞ የሰማያዊው ቤት ልጅ ነኝ።

አባቴና የሱ አጎት ድሮ በአንድ ሞርሳ የሚሠሩ ባልንጀሮች ነበሩ። አንዱ በሰማያዊ ካርቶን የሚመጣው የብስክሌት ዕቃ ይሻላል አለ፤ ሌላው በቀይ ካርቶን የሚመጣው። ክርክሩ በመፍቻ ተቋጨ። አባቴ ጆሮው ሥር ጠባሳ አለው፤ አጎትየው የፊት ጥርስ የለውም። ከዚያ ወዲህ በአንድ መንገድ ፊት ለፊት ሱቅ ከፍተው እየተገላመጡ ይኖራሉ። እኛ ቀይ አንነካም፤ እነሱ ሰማያዊ አይነኩም። የሁለቱን ፋብሪካ ዕቃ የቀላቀለ ደንበኛ ከሁለቱም በር በስድብ ይባረራል።

«ካምቢዮሽ ሞቷል» አለኝ እዚያው አስፋልቱ ላይ ብስክሌቴ አጠገብ ተንበርክኮ። ከኋላ ጎማው ጎን ተንጠልጥሎ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ዕቃ ለሁለት ተሰብሯል። «እናንተ ጋ የለም?»

«አልቋል። ጭነቱ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው።»

«እኛ ጋ ቀይ አለ።»

«ቀይ? አባቴ ቢያይ እኮ አንተን ይሰቅልሃል፤ ገመዱን ደግሞ እኔን ነው የሚያስይዘኝ!»

«ካላየስ?»

በነጋታው ከተዘጋው የእንጨት መሰንጠቂያ ጀርባ ተገናኘን። ካምቢዮው ላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም በሞረድ ፋቅሁት፤ ብልጭታው እስኪጠፋም በጥላሸት ቀባሁት። እሱ ገጠመው። መሪው ላይ ያለው የማርሽ መቀየሪያ ግን የኛው ሰማያዊ ነው። አንዴ ቀጭ ሳደርገው ካቴናው እንደ ሰከረ ሰው ሁለት ጥርስ መሀል ቆሞ ተንቋቋ።

«አልኩህ! አይስማሙም!» ብዬ ጎማውን በእርግጫ መታሁት።

እሱ ሽቦውን በጣቱ እየሳበና እየለቀቀ ካምቢዮውን መረመረ።

«ያንቺ መቀየሪያ ሽቦውን የሚስበው በጥቂቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «የኔ ካምቢዮ ደግሞ ብዙ ካልተሳበ አይነቃነቅም። ስለዚህ ሽቦውን ከብሎኑ በላይ ሳይሆን በታች እናስረው፤ ካምቢዮው ወደሚታጠፍበት ቦታ ሲጠጋ ትንሿ ስበት ትበቃዋለች።»

«እንዲህ ዓይነት አስተሳሰር በየትኛውም ሱቅ አላየሁም።»

«እንዴት ታያለሽ? ቀላቅሎ የሞከረ የለማ።»

አሰረው። ቀጭ አደረግሁ፤ ካቴናው ተሻገረ። ደግሜ አደረግሁ፤ ተሻገረ። የሚሽከረከረውን ጎማ በእጁ ሲያስቆም በዘይት የጠቆረው ጣቱ ጣቴን ነካ፤ ሁለታችንም አላነሣንም።

ከዚያ በኋላ መሰንጠቂያው ጀርባ ቤታችን ሆነ። ታላቅ ወንድሜ እስኪያየን ድረስ።

ወንድሜ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነው፤ ቁጣው ከእግሩ ይፈጥናል። ጸጉሬን ይዞ እስከ ሱቁ ጓሮ ጎተተኝ፤ እኔም ክንዱን በጥፍሬ ተለተልኩት።

«ሁለተኛ ከዚያ ልጅ ጋር ባይሽ እጁን ነው የምሰብረው» አለ። «ወንድ ነኝ፤ ያልኩትን አደርጋለሁ።»

«ሞክራት!»

ባልተናገርኩት ኖሮ።

የወንድሜ ብስክሌት ተፈታትቶ ስለነበር አንድ ቀን ጠዋት ሳይጠይቅ የኔን ይዞ ለልምምድ ወጣ። ዳገቱ ላይ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲረግጥ ካቴናው ዘለለ። ፔዳሉ ባዶውን ወረደ፤ ወንድሜ በፊቱ አስፋልቱን አረሰው። ቅንድቡ ተተርትሮ፣ የግራ ትከሻው አጥንት ተሰብሮ ሰዎች ደግፈው አመጡት።

አባቴ ብስክሌቱን ገልብጦ ካምቢዮውን ፈታ። ስሙን ብፍቀው ምን ዋጋ አለው? አባቴ የጠላቱን ዕቃ በመዳሰስ ብቻ ያውቀዋል።

«ቀይ» አለ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ቤቴ ውስጥ ቀይ!»

«እሱ ነው!» ብሎ ወንድሜ ከአግዳሚው ተነሣ። «ሆን ብሎ ነው የገጠመላት! ሊገድለን!»

መዶሻውን በደህና እጁ አንሥቶ መንገዱን ተሻገረ። ተከትዬ ሮጥኩ። ደንበኛ ያስተናግድ የነበረውን የኔን ልጅ ከኋላ በእርግጫ ጥሎ ቀኝ ክንዱን በጉልበቱ ተጫነውና መዳፉ ላይ መዶሻውን አወረደ። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት። ሊደግም ሲያነሣ ደረስኩ፤ ወንድሜ ጀርባ ላይ ተከምሬ ጆሮውን ነከስኩት፤ ደሙ አፌ እስኪገባ አልለቀቅኩም። የኔ ሰው አልጮኸም። የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

አጎትየው የወንድሙን ልጅ ወደ ሐኪም ሰደደና ሠራተኞቹን አስከትሎ ወጣ፤ ብረት ያልያዘ የለም። አባቴም ፌሮ ብረት ይዞ ወጣ። ስድቡ ሲያልቅ ብረቱ ሊጀምር ነው። እኔ ያን ጊዜ ወደ ሱቃችን ሮጬ ብስክሌቴን ከመሬት አነሣሁ፤ ካምቢዮው በካቴናውና በሽቦው ተንጠልጥሏል። ሽቦው ከብሎኑ በላይ ታስሯል። በታች በኩል ደግሞ እኛ ያሰርንበት ጭረት አለ።

«ቁሙ!» ብዬ መሀላቸው ገባሁ። ብስክሌቱን መንገዱ ላይ ስወረውረው ሁለቱም ወገን ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ይህን ሽቦ ማነው ያዛወረው?»

ወደ ወንድሜ ዞርኩ።

«ወንድሜ፣ አንተን ነው። ጠዋት ስትወስደው ምን ነካህ?»

ወንድሜ የሚደማ ጆሮውን ይዞ ሽቦውን ትኩር ብሎ አየ። «ምንም… ሽቦው በተሳሳተ በኩል ታስሮ ነበር። አስተካከልኩት።»

«ዕቃው የኛ ቢሆን ልክ ነበርክ። ይህ ግን የነሱ ነው፤ የሚሠራው እንደዚያ ሲታሰር ብቻ ነው! ስሙን የፋቅሁት እኔ፣ ሽቦውን የፈታኸው አንተ። ታዲያ እሱ ምን በደለ? እጁን በምን ዕዳው ሰበርከው?»

አባቴና አጎትየው እኩል ጎንበስ ብለው ሽቦውን አዩ። ሁለቱም ሥራ ያውቃሉ፤ ጭረቱን ሲያዩ ገባቸው። አባቴ ቀና ብሎ ወንድሜን በጥፊ አጮለው። ያ ጥፊ የኔንም እንባ አፈነዳው።

«ልጁ ካሳውን ያገኛል» አለ አባቴ ሳያየኝ። «አንቺ ግን ግቢ።»

«አልገባም። እወደዋለሁ።»

«ከነሱ ወገን?»

«አዎ፣ ከነሱ!»

«እንግዲያው ተሻገሪ። ከተሻገርሽ ግን መመለሻ የለሽም።»

ተሻገርኩ። የቀዩ ቤት ጌታ በሩ ላይ ቆሞ ክንዱን ዘረጋ፤ ሊያስገባኝ መስሎኝ ነበር። ሊከለክለኝ ነው።

«የሰማያዊ ዘር እዚህ አይገባም» አለ ጥርስ በሌለው አፉ። «የወንድሜም ልጅ ካንቺ ጋር ከሆነ እንደዚያው።»

ሐኪም ቤት ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት። በጄሶ የተጠቀለለ እጁን አንሥቶ፣ «በይ እንግዲህ፣ የሚያስጠልለን ፈልጊ» አለኝ እየሳቀ፤ እንባው ግን ይወርዳል።

አሁን ከገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን አብረን እንሠራለን። ሁለቱ ቤቶች ያባረሩት ብስክሌት ሁሉ ወደኛ ነው የሚመጣው። ወንድሜ በበራችን ሲያልፍ ቀና ብሎ አያየኝም።

ጄሶው የተፈታ ዕለት ሁለቱ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። መፍቻ ያዘ፤ ወደቀበት። እንደገና ያዘ፤ ወደቀበት። በሦስተኛው ግድግዳው ላይ ወረወረውና ልስኑ ተፈረፈረ። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

«ይህን እጅ ምን ታደርጊዋለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ንገሪኝ! መፍቻ የማይጨብጥ መካኒክ ምን ይሠራልሻል?»

መፍቻውን ከወለሉ አንሥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍኳቸው፤ የማይታጠፉትንም በኔ ጣቶች ከላይ ጨበጥኳቸው። ሁለታችን በአንድ እጅ የደንበኛ ብስክሌት ብሎን አዞርን።

«ቀስ በይ» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ያማል።»

«ይመምህ» አልኩት። አለቀቅኩትም።