አርባ አንድ ሺህ ዓሣ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ባሕሩ አርባ አንድ ሺህ ቱና ነበረው። አስካለ ቁጥሩን ከመቆጣጠሪያው መስታወት ላይ አነበበች፣ «ተመስገን» አለችና ሻይዋን ፉት አለች። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በቁጥሯ ላይ አንድም አገር ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም።

አስካለ ቆጠራውን የምትመራባት «ሚዛን» የማንም አገር መርከብ አይደለችም። የየትኛውም መንግሥት ሕግ በማይደርስበት የውቅያኖስ መሀል የቀረውን ዓሣ እንድትቆጥር አሥራ አንድ አገሮች በውል ያሰማሯት የጋራ መርከብ ናት። ቆጠራው ለኢትዮጵያውያን የተሰጠውም በዕውቀታቸው ብቻ አይደለም። ወደብ የላቸውም፣ አጥማጅ መርከብ የላቸውም፣ ስለዚህ አይዋሹም ተብሎ ነው። አስካለ በዚህ ትኮራ ነበር፤ ባሕር በማጣት የሚያኮራ ሌላ ነገር ተገኝቶ አያውቅምና።

ቆጣሪዎቹ «መሳይ» ይባላሉ። ዓሣው እንዳይደነግጥ ቱና መስለው ተሠርተው ከመንጋው ጋር እየዋኙ የሚቆጥሩ ማሽኖች ናቸው። ቆዳቸው ይለሰልሳል፣ ጅራታቸው ይቀዝፋል፣ መረብ ሲመጣ ጠልቀው ያመልጣሉ። ውሉ የሚፈቅደው የሚዛንን ሁለት መቶ መሳዮች ብቻ ነው፤ እነሱም ማህተማቸውን እየለዩ የማይቆጥሩት እርስ በርሳቸውን ብቻ ነው። ዛሬ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አስካለ ቆጠራውን አጽድቃ ትፈርማለች፣ ከአድማሱ ዳር የተሰለፉት ሦስት መቶ አጥማጅ መርከቦችም ገብተው የመንጋውን ግማሽ ያነሳሉ።

«እትዬ አስካለ፣ እባክዎን ዛሬ አይፈርሙ።»

የመሣሪያ ጠጋኙ ዳንጊሶ ነው። በር ላይ ቆሟል፤ ፊቱ በላብ ርሷል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ወፍ የለም። እኔ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት። ዓሣ ባለበት አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ አይጠፋም፤ ቢያባርሩትም ተመልሶ ይመጣል። እዚህ አርባ አንድ ሺህ ዓሣ ከመርከባችን ሥር አለ እየተባለ አንዲት የባሕር ወፍ የለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰማዩን ሳይ ነበር። እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ።»

አስካለ ልትስቅበት አስባ ሳቁ አልመጣላትም። አምና መርከቦቹ መረባቸው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ መመለሳቸው ትዝ አላት። ያኔ እያንዳንዱ አገር ሌላውን ሌባ ብሎ ነበር።

ዳንጊሶ የማንሻው ገመድ ጫፍ ላይ ትልቅ ማግኔት አስሮ መንጋው መሀል ለቀቀው። እውነተኛ ዓሣ ማግኔት ላይ አይጣበቅም። ገመዱ ሲወጣ ግን አራት ዓሣ ተንጠልጥሎበት ይንፈራገጥ ነበር፤ አንዱም የሚዛን ማህተም የለበትም፣ አራቱም አሠራራቸው ይለያያል። አስካለ ክው አለች። ደግመው ቢያወጡ ሰባት፣ ደግመው ቢያወጡ ዘጠኝ ሆነ።

አብረዋቸው በመርከቧ የሚኖሩትን የአሥራ አንዱን አገሮች ተወካዮች ወለሉ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሁሉም የወደቁትን ማሽኖች አይተው ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ።

«ማን እንደላከ አልጠይቅም» አለች፤ በጆሯቸው የሰኩት አስተርጓሚ መሣሪያ ለየቋንቋቸው እያደረሰ። «በእኛ ቆጠራ አላመናችሁም፣ የራሳችሁን ቆጣሪ በድብቅ ላካችሁ። የአንዱ መሳይ የሌላውን መሳይ ዓሣ ብሎ ቆጠረ። ለዚህ ነው ቁጥራችን ሁልጊዜ የተስማማው። በሉ እያንዳንዳችሁ ወደ ክፍላችሁ ግቡና ያላችሁን አጥፉ። የጠፋ መሳይ ስለማይዋኝ ከቁጥሩ ይወጣል።»

መጀመሪያ የሄደችው የአንዲት ደሴት አገር ተወካይ ሩፒካ ናት፤ አንገቷን ደፍታ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት።

ቁጥሩ ሠላሳ ሦስት ሺህ ሆነ። ሃያ ሺህ። አሥራ አራት ሺህ። አስካለ ወደ መስታወቱ ተጠግታ ቁጥሩን ተከታተለች። ዘጠኝ ሺህ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ተወካዮቹም ተመልሰው መጡ።

«ያላጠፋ አለ» አለ አንዱ፤ እርስ በርስም መገላመጥ ጀመሩ።

ዳንጊሶ ገመዱን ድጋሚ ለቀቀና አንድ መሳይ አወጣ። አስካለ ገለበጠችው። ማህተም የለበትም፣ የሆዱ ቆዳ ግን በድርብ ስፌት ተዘግቷል። ይህን አሰፋፍ አዲስ አበባ ባለው ዎርክሾፕ ያስተማረችው ራሷ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን መሬት እንኳ በአቅራቢያ አልነበረም። በመርከቧ ያለውን የኢትዮጵያ ቆጠራ ቢሮ ኃላፊ በሁሉም ፊት ጠራችው።

«አቶ ልሳነወርቅ፣ ዘጠኙን ሺህ ያጥፉልኝ።»

«ሁሉም ሲልክ እኛ ብቻ ሞኝ እንሁን?»

«ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የላከው፣ ጌታዬ።»

ልሳነወርቅ አጠፋቸው፤ መስታወቱም ጨለመ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ ጥቂት ነጥቦች ቀሩ። ዳንጊሶ በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው፤ ሃያ ሦስት ናቸው። መንጋቸው በአንዴ ስለሞተባቸው ወዲያ ወዲህ ይራወጡ ነበር።

ሩፒካ አለቀሰች። «ቁጥሩ ከዚህ መርከብ ከወጣ፣ መርከቦቹ የመጨረሻዎቹን እኔ ልያዝ እያሉ እስከ ማታ አያቆዩዋቸውም» አለች።

ለመስማማት አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። አስካለ አትፈርምም፣ ባሕሩም ለዘንድሮ ይዘጋል፤ ምክንያቱ የመሣሪያ ብልሽት ነው ይባላል። መሳዮቹ በሙሉ እንደገና ይበራሉ፤ ሃያ ሦስቱን ከዓይን የሚሸፍን ሌላ መንጋ የለምና። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከአድማሱ ዳር መርከቦቹ በቁጣ ጥሩምባቸውን ነፉ፣ በኋላም አፍንጫቸውን አዙረው መሄድ ጀመሩ። ከውሃው በታች መንጋው ተመልሶ ገጠመ። ሃያ ሦስቱም መሀሉ ገብተው ተረጋጉ።

አስካለ እፎይ ልትል ነበር። ግን ሐሳቡ መጣባት። መሳዮቹ በጠፉበት ሰዓት እያንዳንዱ አገር እውነተኞቹ የትኞቹ እንደሆኑ አይቷል፤ አሁን ደግሞ እያንዳንዱ አጠገባቸው የሚዋኝ ዓይን አለው። ከእነዚህ ሰዎች መሀል ቀድሞ የሚከዳው የትኛው ይሆን ብላ ፊታቸውን አንድ በአንድ ትመረምር ጀመር። ሩፒካ ላይ ስትደርስ፣ ሰባት ዓመት አብረው ቢበሉም አላመነቻትም።

ከዚያ አስተዋለች። አሥራ አንዱም በዚያው ጥርጣሬ እሷን ያዩ ነበር።