«የለም» ያለው ማን ነው?

አገኘሁሽ የባሏን አስከሬን ከክሊኒኩ አላስወጣም ብላ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ሊለምኗት የሄዱት ሁሉ ተራ በተራ አፍረው ተመልሰዋል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ጭቃ የጠጣ ጫማዋን ደፉ ላይ ተክላ፣ «ገዳዩ ይውጣ እንጂ ባየህ አይወጣም!» ትላለች።

ኢንስፔክተር አይናለም ስትደርስ፣ ከወረታ ገበያ ጀርባ ያለው ጠባብ ግቢ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ሳጅን እንግዳው ሰዉን እየገፋ መንገድ አስለቀቀላት። አገኘሁሽ ቀና ብላ የደንብ ልብሷን አየች።

«ዶክተሩን ልከስ ነው። ትጽፊልኛለሽ ወይስ አንቺም ልትለምኚኝ ነው የመጣሽ?»

«መጀመሪያ ባልሽን ልየው» አለች አይናለም።

ሴትዮዋ ጉልበቷን ሰብስባ አሳለፈቻት።

ባየህ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ትከሻው ሰፊ፣ መዳፉ የሩዝ ማሳ ያሻከረው ጎልማሳ ነው። ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ አብጠዋል፤ ደረቱ ሳማ የለበለበው ይመስላል። አይናለም ጎንበስ ብላ አንገቱን በጣቷ ነካች። ከመንጋጋው ሥር በአንድ ወገን ብቻ ሌላ ጠንካራ እብጠት አለ። ይህኛው የዛሬ አይደለም። ሁለቱም የእጁ አንጓዎች ላይ ደግሞ የጣት ምልክት ሰምበር ሠርቷል።

ዶክተር ሀይለየሱስ በቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ጠበቃት።

«ፔኒሲሊን ነው ያዘዝኩት። አለርጂ ኖሮበት ገደለው። እኔ ምን ላድርግ? ጠይቄዋለሁ እኮ!»

«ምን ብለህ?»

«የማይስማማህ መድኃኒት አለ ወይ ብዬ። ራሱ በሽተኛው ‹የለም› አለኝ። ጥርት አድርጎ!»

«ሲመልስልህ አየኸው?»

ዶክተሩ ቆም አለ። «በር ላይ ነበርኩ። ስልክ ተደውሎልኝ ዞር ብዬ... ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኢንስፔክተር፣ እዚህ ቤት በቀን ስንት በሽተኛ እንደማይ ያውቃሉ?»

«የምታየውን ቁጥር አይደለም የጠየቅኩህ» አለች አይናለም። ሌላ ነገር ሊያመልጣት ስለነበር አፏን ገጥማ ወጣች።

ነርሷ ፀደይ መድኃኒት የሚቀዳበት መጋረጃ አጠገብ ቆማለች። ዓይኗ ቢቀላም እያለቀሰች አልነበረም፤ ተናዳለች።

«ዶክተር ጠይቋል፤ አልዋሽበትም። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ። የወንድ ድምፅ ‹የለም› አለ። የቆዳ ምርመራ ላድርግለት ወይ ስለው ደግሞ ‹የለም ብሏል እኮ፣ ውጊው!› ብሎኝ ስልኩን እያወራ ወደ ግቢ ወጣ። ይህንንም አልዋሽም፤ ከፈለገ ያባርረኝ። ሰውዬው ትንፋሽ ሲያጥረው ጮሄ ጮሄ ነው የተመለሰው።»

«አልጋው ጋ ማን ነበር?»

«ወንድሙ ብቻ። እዚህ ቤት አንድ አስታማሚ ነው የሚገባው። በሽተኛው መርፌውን ሲያይ እጁን ያወናጭፍ፣ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። ወንድሙ ‹መርፌ ይፈራል› ብሎ ሁለት እጁን ያዘልኝ።»

ወንድምየው አድማሴ ግቢ ውስጥ ደረቱን ይደቃል። አይናለምን ሲያይ ወደ እሷ ሮጠ።

«ይሰቀል ይህ ሰው! ነገርኩት እኮ! ‹ይህ መርፌ አይስማማውም› ብዬ ነገርኩት፤ ዞር ብሎም አላየኝ! ወንድሜ እኔ እጁን እንደያዝኩት፣ በእቅፌ ነው የሞተው!»

«ከመወጋቱ በፊት ነው የነገርከው?»

«በፊት እንጂ! አገኘሁሽን ጠይቋት፤ ንገር ብላ የላከችኝ እሷ ናት።»

አገኘሁሽ ከደፉ ላይ ሳትነሣ መለሰች። «አዎ፣ በሩን ሲዘጉብኝ ለአድማሴ ነገርኩት። ድሮ ይፋግ ሳለን ሊገድለው የነበረው ያ ፔኒሲሊን የሚሉት መርፌ ነው፤ እንዳይወጉት አደራ ብዬ። ነግረውትም ወጋው። ይህ ሰው ሐኪም ነው?»

አይናለም ከጎኗ ቁጢጥ አለች። «ክሱን እጽፍልሻለሁ። ግን አስከሬኑ ካልተመረመረ ነገ ሁሉም ይክዳል። ልውሰደው?»

አገኘሁሽ ዘወር ብላ ወደ ባሏ አልጋ አየች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ለቀቀች።

ባየህ ተመርምሮ ተቀበረ። የሐኪሞቹም ቃል ከዶክተሩ ቃል ጋር አንድ ሆነ፤ የገደለው መርፌው ነው። አይናለም ለቅሶ ለመድረስ ወደ መንደራቸው ስትወርድ፣ የፎገራ ሜዳ ገና ውሃውን አልጨረሰም ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የርብ ወንዝ ሞልቶ የአፈሩን ክትር ሰብሮ፣ ወይዘሮ መባ የምትባል ብቸኛ አሮጊት ከነቤቷ ወስዷል። የመንደሩ ሩዝ ደለል ተጭኖት ተኝቷል። ከሁሉም መካከል አንድ ማሳ ብቻ ለምልሞ ቆሟል።

«ይህ የማን ነው?» አለች፣ ባጃጁን አስቁማ።

«የአድማሴ» አለ ሹፌሩ። «እሱን እግዜር አተረፈለት።»

ድንኳኑ ውስጥ መምሬ ተክለ ሃይማኖት አገኘሁሽን እየመከሩ ነበር። የባየህ የንስሐ አባት ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው።

«ክስሽን ተይው፣ ልጄ። ባየህን አይመልስልሽም። ይህ ሐኪም ተናዶ ከተማውን ጥሎ ቢሄድ ምጥ የያዛት ሴት ወዴት ትሄዳለች?»

«ነግረውት ነው የገደለው፣ አባ!»

«አውቃለሁ። እኔስ መች አልተቃጠልኩ? ባየህ በጎ ሰው ነበር። ሊታመም ሰሞን መንገድ ላይ አግኝቶኝ ‹ሽማግሌ ሰብስቡልኝ፤ የርብን ክትር ውሃ አልሰበረውም፣ በዶማ የቆረጠውን ሰው አይቻለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ ሳይነግረኝ ጉሮሮው ታመመ።»

አይናለም የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ድንኳኑ ማዶ አድማሴ ለቀስተኛ እያስተናገደ ነው። ውሃውን ከራሱ ማሳ ለማስተንፈስ ክትሩን ቆርጦ መባ ቤት ላይ የለቀቀ ሰው ማን እንደሚሆን፣ አሁን ያየችው ሜዳ ራሱ ይናገራል።

አገኘሁሽን ለብቻዋ ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

«ባየህ እዚያ ክፍል ውስጥ ለምን ራሱ አልተናገረም?»

«በምን አፉ?» አለች አገኘሁሽ በቁጣ። «ጉሮሮው ተዘግቶ፣ መንጋጋው አልከፈት ብሎ፣ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶት ነበር። ከእኔ ጋር የምንነጋገረው በእጅ ነው።»

«አንዲት ቃልስ? ጥርት ያለች?»

«እህ ማለት አይችልም እያልኩሽ!»

«መርፌ ይፈራ ነበር?»

አገኘሁሽ መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። «ባየህ? በሬ ጭኑን ወግቶት ሲሰፋ ‹ቶሎ በሉ፣ ከብቶቹ ውሃ አልጠጡም› ያለ ሰው መርፌ ይፈራል? ማን ነው እንዲህ ያለው?»

አይናለም ወደ ድንኳኑ አየች። «ነገ ጠዋት ክሊኒክ እንገናኝ» አለች። «መምሬንም ይዘሻቸው ነይ።»

በማግስቱ ሁሉንም ባየህ የሞተበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዶክተሩን ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ጋ አቆመችው። ፀደይን ከመጋረጃው ኋላ፣ አድማሴን ከአልጋው ራስጌ። ሳጅን እንግዳው እያፈረ አልጋው ላይ ተጋደመ። አገኘሁሽና መምሬ ተክለ ሃይማኖት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«ዶክተር፣ ያን ቀን የጠየቅከውን ጠይቅ።»

«ይህ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?»

«ጠይቅ!»

«የማይስማማህ መድኃኒት አለ?» አለ ዶክተሩ በሩን እያየ።

እንግዳው እንደታዘዘው ዝም አለ። ክፍሉም ጸጥ አለ።

«ያን ቀን ግን መልስ ነበረ» አለች አይናለም። «ዶክተሩ ሰምቷል። ስለ ራሱ ሊዋሽ ይችል ይሆናል፤ ፀደይ ግን ጥፋቱን ሳትደብቅ የተናገረችበት ሴት ናት፤ እሷም ሰምታለች። ‹የለም› ተብሏል፤ በጥርት ያለ የወንድ ድምፅ። ዶክተሩ የባየህ ድምፅ መሰለው። ባየህ ግን አፉ አይከፈትም፣ ቃል አይወጣውም ነበር። የአስከሬን ምርመራውም ጉሮሮው ውስጥ መግል ቋጥሮ እንደነበር አረጋግጧል። ዶክተሩ ጠያቂ ነው። ፀደይ ሴት ናት። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚናገር ሌላ ወንድ ማን ነበር?»

ሁሉም ወደ ራስጌው ዞሩ።

«እኔ ነግሬዋለሁ!» አለ አድማሴ። «አይስማማውም ብያለሁ! ተማክረው እኔ ላይ ሊደፈድፉት ነው!»

«እሺ፣ ነግረኸዋል እንበል» አለች አይናለም፣ ረጋ ብላ። «ይህ መርፌ ወንድምህን እንደሚገድለው ታውቃለህ። ሐኪሙን አስጠንቅቀሃል፤ አልሰማህም። ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ ወንድምህ አልወጋም ብሎ ይታገላል። ያን ጊዜ አንተ ምን አደረግክ? መርፌውን ቀማሃት? በሩን ከፍተህ ጮህክ? ከውጭ ሚስቱ ቆማ ነበር፤ ጠራሃት?»

አድማሴ ወደ በሩ አየ።

«እጁን ያዝክ። ራስህ ነህ የነገርከኝ። ሰምበሩንም አይቻለሁ። ይገድለዋል ብሎ የጮኸ ሰው፣ ወንድሙ እንዲወጋ አጥብቆ ይይዛል? በዚያ ላይ በሬ ሲወጋው እንኳ ያልፈራን ሰው ‹መርፌ ይፈራል› አልክ። ባየህ የፈራው መርፌውን አልነበረም። ፔኒሲሊን ሲባል ሰምቷል። በእጁ ሊናገር ሲል እጁን ዘጋህበት።»

«ምን በደለኝና ወንድሜን እገድላለሁ?»

«ክትሩን ስትቆርጥ አይቶሃል። ከዳነ ሽማግሌ ፊት ሊናገር ነበር። በወይዘሮ መባ ደም ልትጠየቅ ነበር።»

መምሬ ተክለ ሃይማኖት አማተቡ። «አንተ ነህ?» አሉ። «እኔኮ ሽማግሌ ትሆነኛለህ ብዬ አንተን ልጠራ ነበር!»

አድማሴ ራስጌው ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ።

«ልገድለው ብዬ አልመጣሁም» አለ። «ተሸክሜ ነው ያመጣሁት። ሲጠይቀው... አፌ ላይ መጣ። አንድ ቃል ናት። መርፌውን እኔ አልወጋሁም!»

አገኘሁሽ እንግዳው ከአልጋው ተነሥቶ ሳይዛት አድማሴ ላይ ደረሰች። የኮቱን ኮሌታ ጨምድዳ አስነሣችው። «አደራ ብዬህ! አንተን አምኜ በሩ ሲዘጋብኝ ዝም አልኩ! በዓይንህ እያየህ እጁን ያዝክ? ዓይኑን እያየህ?» ሁለት ሰው ተረዳድቶ አላቀቃት። አድማሴ በካቴና ሲወጣ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ጮኸበት፤ እሷ ግን አልጮኸችም። በኃይል እየተነፈሰች ግድግዳውን ተደገፈች።

ዶክተር ሀይለየሱስ ግንባሩን በእጁ ጠረገ።

«እንግዲህ እውነቱ ወጣ» አለ። «ወይዘሮ አገኘሁሽ፣ እኔም ተዋሽቼ ነው። ክሱ እዚህ ላይ ያበቃል መቼም።»

«ይበቃል፣ ልጄ» አሉ መምሬም። «ገዳዩ ታወቀ። ይህን ደግሞ ለእነዚያ ነፍሰ ጡሮች ስትዪ ማሪው።»

አይናለም ጣልቃ አልገባችም። በልቧ የሚነደውን ብትተነፍሰው ውሳኔው የሴትዮዋ መሆኑ ይቀራል።

አገኘሁሽ ባዶውን አልጋ አየች፤ ከዚያ በሩን፣ ዶክተሩ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመበትን ቦታ።

«ምጥ የያዛትንስ፣ አባ፣ በር ላይ ቆሞ ስልክ እያወራ ነው የሚያዋልዳት?»

«እኔ ምን ብለው ነው የሚከሱኝ?» አለ ዶክተሩ። «ጠየቅኩ፤ ዋሹኝ። ሌላ ምን አጠፋሁ?»

«ባየህ ጉሮሮውን ታሞ ነው የመጣው» አለች አገኘሁሽ። «አፍህን ክፈት ብትለው ኖሮ መክፈት እንደማይችል ታይ ነበር። መናገር እንደማይችልም ታውቅ ነበር። ያ ውሸታም ቢዋሽ ቃሉ የማን እንደሆነ አይጠፋህም ነበር። ዞር ብለህ አላየኸውም። እኔንም በር ዘጋህብኝ።»

ፀደይ ከመጋረጃው ኋላ ወጥታ ከአገኘሁሽ ጎን ቆመች።

«ምስክር ከፈለግሽ እኔ አለሁ» አለች።

አገኘሁሽ የመድኃኒት ጠረጴዛው ፊት ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። አይናለምም ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ጻፊ» አለች አገኘሁሽ። «‹ሐኪሙ ባሌን አላየውም› ብለሽ ጀምሪ።»