የጭምብሉ ክር

«ጭምብሌን እሰሪልኝ በናትሽ፣ ክሩ አልቋጠር አለኝ» አለች ሬዲዮ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

ሙጫ ክሩን ያዘች። የቲያትር ክበቡ ጭምብሎች ሁሉ የእሷ የእጅ ሥራ ናቸው፤ ቅጽል ስሙም የወጣላት የጋዜጣ ቁራጭ በሙጫ እየነከረች ስትለጥፍ ስለከረመች ነው። ጓደኛዋን ደግሞ ሬዲዮ ያሏት አፏ ስለማያርፍ ነው። ይህችው ለፍላፊ ግን ሕዝብ ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል። ዛሬ መድረክ ለመውጣት የደፈረችው ፊቷ ስለሚሸፈን ብቻ መሆኑን ከሙጫ በቀር የሚያውቅ የለም።

የሙጫን ምስጢር የምታውቀውም ሬዲዮ ብቻ ነበረች፤ አባቷ ሌላ ሴት አግብቶ ከቤት መውጣቱን። ባለፈው ሳምንት ግን ክፍሉ ሁሉ ሰማ። «እናትሽ ባሏን መያዝ አቃታት እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ስለ አባቷ ማንም ምንም አላለም።

ስለዚህ ሙጫ ዛሬ ጠዋት የሬዲዮን የጭምብል ክር አውጥታ በስስ ፈትል ተካችው። ሬዲዮ መድረክ ላይ ለንግሥቲቱ እጅ ልትነሣ ጎንበስ ስትል ይበጠሳል።

ከመጋረጃው ወዲያ የከተማዋን ሴቶች ሆነው የሚያዜሙት ልጆች እንጉርጉሮ ጀመሩ። ከመድረኩ ጀርባ፣ በሰማያዊ አምፖል ብርሃን ውስጥ አቧራው በዝግታ ይንሳፈፋል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጭምብሎች ውኃ ውስጥ ሆነው የሚተነፍሱ ይመስላሉ። ተውኔቱን የክበቡ መምህርት የጻፉት በጥንታዊ ግሪክ አሳዛኝ ተውኔቶች ወግ ነው። ሙጫ ባሏ የከዳት ንግሥት፣ ሬዲዮ ገረዷ ናቸው። ንግሥቲቱ ለበቀል ቤተ መንግሥቱን ታቃጥላለች፤ ንጉሡ ያመልጣል፤ የሚቃጠሉት ገረዶቹ ናቸው።

«በዚያ ዘመን መድረክ ላይ ሴት ሆነው የሚጫወቱት እንኳ ወንዶች ነበሩ» ብለው ነበር መምህርቷ በልምምድ ወቅት። «የሴቲቱ ለቅሶ ይሰማል፤ ፊቷ ግን የለም።»

«እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ። «ለአንዷ ብቻ ነበር የነገርኳት። ይሄን ምላሴን በቆረጥኩት!»

«ዛሬ እንኳ አትቁረጪው፤ ያስፈልግሻል።»

ሬዲዮ ልትስቅ ሞከረች፤ ከዚያ ቃለ ተውኔቷን ለራሷ ማነብነብ ጀመረች።

ሙጫ በመጋረጃው ስንጥቅ አየች። እናቷ የኋለኛው ረድፍ ጥግ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ ከፊቷ ያሉት ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩዋትና ተጠቃቀሱ።

ንጉሡ ያመልጣል፤ የሚቃጠሉት ገረዶቹ ናቸው።

ሙጫ ስሱን ፈትል በጣቷ በጠሰችው። የራሷን ጭምብል አነሣች፤ ጠንካራውን ክር መዝዛ በሬዲዮ ጭምብል አሳለፈችና ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

«እንዴ፣ ያንቺስ በምን ሊታሰር?»

«የኔ ይቅር።»

«ይቅር ብለሽኝ ነው?»

«እሱን ነገ እንነጋገራለን። አሁን ተከተይኝ።»

መጋረጃው ተገለጠ። ብርሃኑ እንደ ለብ ያለ ውኃ ባልተሸፈነው የሙጫ ፊት ላይ ፈሰሰ። የእናቷን ዓይኖች እስክታገኝ ድረስ ጠበቀች፤ ከዚያ የንግሥቲቱን የመጀመሪያ ቃል ተናገረች።